ብቻውን መጥቶ ጎጆ መቀለስ

ድሬዳዋ ብቻቸውን መጥተው ጎጆ የቀለሱ ሰዎች ከተማ ናት። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው እንጀራ ፍለጋ ገቡ። ከየመናውያኑ ብዙዎቹ ከአገሬው ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው ቀሩ። አሻራቸው ማለዳ ማለዳ በየቁርስ ቤቱ ይታያል፤ ሊጡ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይዘረጋል፣ እንቁላል ይታጠፍበታል፣ ተቆራርጦ በማር ይበላል፤ ፈጢራ ነው።

ዛሬ እንግዳውን የሚስበው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተቋቋመው በዚሁ ስፍራ ነው። የውጭ ባለሙያ በሥራ ፈቃድ ይመጣል፤ ፈቃዱ ጊዜ አለው። ትዳር ግን ሌላ በር ይከፍታል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊት ያገባ ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ዜጋ፣ ከጋብቻው 2 ዓመት ካለፈና ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ 1 ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖረ፣ ሌሎቹም መስፈርቶች ከተሟሉ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው።

ስለዚህ ድሬ ላይ ትዳር የመሠረተ ሁሉ ጋብቻውን ያስመዝግብ፤ ልጁንም በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ። ቤተሰብ በፍቅር ይመሠረታል፤ መብቱ ግን በመዝገብ ይጠበቃል።