ቅጥርና ቁርጥ

በጎንደር ከተማ በግንብ ሥራ የሚያድር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ግንባቸውን ካሠሩበት ጊዜ አንሥቶ ኖራ የሚያቦካና ማዕዘን የሚያቆም ሰው ለከተማው ሲያስፈልግ ኖሯል። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋም እርሻው ሲያርፍ መዶሻውን ይዞ ለአንድና ለሁለት ወር ሥራ የሚወርድ አለ። ይህ ሰው የሚሠራው ወይ በቀን ሒሳብ ነው፤ ወይ በቁርጥ ነው። ስለ ጥበቡ ለመጻፍ እኛ አንበቃም፤ ስለሚከፈለው ገንዘብና ስለሚነሣበት ግብር ግን የክፍያ ሰነድ ስናገላብጥ የምንውል ስለ ሆንን ጥቂት ለመናገር ፈቀድን።

ብዙ ሰው፣ ከሥራ ባልደረቦቻችንም አንዳንዶቹ፣ ሥራው አጭር ከሆነ ሠራተኛው ተቀጣሪ አይባልም ይላሉ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2512 ተቀጣሪውን በአሠሪው መሪነት አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሲያደርገው፣ በቍጥር 2610 ደግሞ ሥራ ተቋራጩን አንድ የተወሰነ ሥራ በራሱ ኀላፊነት ሠርቶ ለማስረከብ የሚዋዋል ሰው ያደርገዋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008ም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ፣ በሌላ ሰው መሪነትና ቍጥጥር የሚሠራው በቋሚነትም ይሁን በጊዜያዊነት ተቀጣሪ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ የሚጠየቀው «ስንት ቀን ሠራ?» ሳይሆን «ማን አዘዘው?» ነው። ጠዋት ስሙ የሚጠራ፣ ይህን ድንጋይ እዚህ አኑር የሚባል ግንበኛ 20 ቀን ብቻ ቢሠራም ተቀጣሪ ነው። አጥሩን በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን አስረክባለሁ ብሎ፣ ረዳቶቹን ራሱ መልምሎ፣ ቢፈርስም ራሱ መልሶ የሚገነባው ግን ተቋራጭ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምን። ተቀጣሪው በሠንጠረዥ ሀ ይገባል፤ አሠሪው በየወሩ ግብሩን ቀንሶ ያስገባል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ተቋራጩ በሠንጠረዥ ሐ ከነጋዴዎች ጋር ይቈጠራል፤ ግብሩም በዓመት ይታሰባል። የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ከሌለው ግን አዋጁ ከክፍያው ላይ 30 በመቶ እንዲያዝበት ያዛል። ከደጋ የወረደ ሰው ይህን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ሊቀበል በመጣበት ቀን ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እኔ ሦስት ሰው አብልቼ ነው የሠራሁት፤ ይኸን ማን ወሰደው?» ብለው ጠይቀውናል። ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙና ቍጥሩ በዚያው ቀን ይገኝ እንደ ሆነ ጠየቁ።

ዳሩ ግን ቅጥሩም ለአጭር ሥራ አይመችም። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለምሳሌ በቀን 800 ብር ተስማምቶ በወር 26 ቀን የሠራ ግንበኛ 20,800 ብር ያገኛል፤ ግብሩም 5,230 ብር ነው። ሁለት ወር ሠርቶ ክረምት ቢገባበትና በዓመቱ ሌላ ሥራ ባያገኝ 10,460 ብር ከፍሎ ይቀራል። ያንኑ 41,600 ብር በ12 ወር ተከፋፍሎ የሚቀበል ዘበኛ ግን በዓመት የሚከፍለው 2,640 ብር ነው። ሠንጠረዡ ወርን እንጂ ዓመትን አያይምና ሥራ ፈት የሆነባቸው ወራት ለግንበኛው አይታሰቡለትም። የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 286 በ12 ወር ውስጥ ለአንድ አሠሪ ከአንድ ወር ያልበለጠ የሠራውን ጊዜያዊ ሠራተኛ ከግብር ነፃ አድርጎት ነበር፤ እኛም ያን ሐሳብ እንወደዋለን።

ከሁሉ የሚያሳዝነን፣ በየማለዳው የሚታዘዘው ሰው በወረቀት ላይ ብቻ ተቋራጭ ሲባል ነው። እንዲህ የሚያደርግ አሠሪ ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ይቀርለታል፤ ሠራተኛው ከመወጣጫ ላይ ቢወድቅም «ተቋራጭ ነው፣ አያገባኝም» ይላል። ሰውየው ግን ታዛዥም ሆኖ ጉዳቱን በራሱ የሚችል ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም፣ ተቀጣሪ ወይም ተቋራጭ መሆኑ፣ ከእጁ የሚደርሰውም ገንዘብ በብር ተሰልቶ ለራሱ ይነበብለት፤ ተቋራጭ ከሆነም መለያ ቍጥሩን ሥራ ሳይጀምር እንዲያወጣ ይነገረው እንላለን። ዝናቡ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ግንበኞቹ ይመጣሉ፤ ውሉም የሚጻፈው በዚያው ሰሞን ነው።