አሮጌውን ላፕቶፕ ከመጣላችን በፊት

ብረት ድስት ስለገዛች ብቻ የሸክላ ድስቷን አውጥታ የጣለች የቤት እመቤት እምብዛም አትገኝም። ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው እናውቃለንና። ወደ ኮምፒውተር ስንመጣ ግን ይህን ጥበባችንን እንረሳዋለን። አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን አልቀበልም ያለ እንደሆነ፣ ምክንያቱን ሳንጠይቅ «አርጅቷል» ብለን እንፈርድበታለን። ዛሬ በዚሁ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

በምኖርበት በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር በቅርቡ ለቤታችን ኢንተርኔት አስገብተን አዲስ ራውተር ተተከለልን። ስልኮቻችን ወዲያው ተያያዙ። ወንድሜ በ2004 ዓ.ም. የገዛውና ለእኛ የተወልን ላፕቶፕ ግን እንቢ አለ። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም። አብራን የምትኖረው የእኅቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንደሚታወቀው ብሔራዊው ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ዘመኑን ሙሉ በስልክ ብቻ የተለማመደች ልጅ ፈተናው ላይ ስትቀርብ እጇ በፊደል ገበታው ላይ እንዳይርበተበት ያሠጋል።

ላፕቶፑን ይዤ ወደ መሐል ከተማ ሄድኩ። ከእኛ ሰፈር ይህ ማለት የትራንስፖርቱ ወጪ ሳይቆጠር የግማሽ ቀን ሥራ መፍታት ነው። የጥገና ቤቱ ወጣት ክዳኑን እንኳ በወጉ ሳይከፍት፣ «እኅቴ፣ ይኸ ዕቃ ዘመኑ አልፏል፤ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» አለኝ። አዲስ መግዛት የስንት ወር ደመወዝ እንደሚጠይቅ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለሆነም ዕቃውን ይዤ ተመለስኩና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ ጋር ሆነን ነገሩን ደረጃ በደረጃ መመርመር ጀመርን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ «ችግሩ የት ነው?» የሚል ነበር። ስልኩ ኢንተርኔት ስለሚያገኝ መሥመሩም ራውተሩም ደኅና ናቸው። ላፕቶፑ የጎረቤቶቻችንን ዋይፋይ ስም እየዘረዘረ ስላሳየን እርሱም አልደነቆረም። የማይታየው የእኛው ስም ብቻ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዋይፋይም እንደ ራዲዮ በሞገድ ይሠራል። አዲሶቹ ራውተሮች በአብዛኛው 2 ዓይነት ሞገድ አላቸው፤ አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ከቆዩት ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ኤፍ ኤም የሌለው የጥንት ራዲዮ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን አምጣ ቢሉት ከየት ያመጣዋል? የእኛ ራውተር ደግሞ በ5 ብቻ እንዲያሰራጭ ሆኖ ተስተካክሎ ነበር። ከግርጌው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በስልኩ ብሮውዘር ጽፈን የማስተካከያውን ገጽ ከፈትንና 2.4ን አበራነው። ስማችንም ወዲያው ብቅ አለ። በነገራችን ላይ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ 2.4 ግን ዘገም ቢልም የብሎኬቱን ግድግዳ አልፎ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል አልቀበልም አለ። የዚህ ምክንያት የቁልፉ ዓይነት ነው። የዋይፋይ መቆለፊያ የሆነው ደብልዩ ፒ ኤ 2 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣ ሲሆን፣ ደብልዩ ፒ ኤ 3 የሚባለው ደግሞ በ2018 የመጣ ነው። ራውተሩ በአዲሱ ብቻ ከተቆለፈ የቆየው ላፕቶፕ ሊከፍተው አይችልም። የበሩን ቁልፍ ለውጦ ልጅን በአሮጌው ቁልፍ ግባ እንደማለት ነው። ወደ ደብልዩ ፒ ኤ 2 መለስነውና ተያያዘ። አደራ! እንዲገባላችሁ ብላችሁ ጭራሹን ያለ ይለፍ ቃል እንዳትተዉት፤ ደብልዩ ኢ ፒ የሚባለውም የጥንት ቁልፍ በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ አይበጅም።

ከተያያዘም በኋላ ገጾቹ «አይታመንም» እያሉ አልከፈት አሉን። ብናየው የላፕቶፑ ቀን በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል። መሣሪያው ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ስለሆነ ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው መታወቂያ አለው፤ ላፕቶፑ ዛሬን ድሮ ነው ብሎ ካመነ መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ቀኑን አስተካከልን፤ ገጾቹም ተከፈቱ። ይህ ስሕተት በአገራችን በብዙ ቤት ሊያጋጥም የሚችል ስለሆነ ልብ በሉት። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከሞተችም ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ሊዛባ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ቢላችሁ ሁለት መንገዶች አሉ። አብዛኞቹ የቆዩ ላፕቶፖች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ስላላቸው በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይቻላል። አለዚያም እንደ ፍላሽ የምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ መግዛት ነው። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ዋጋቸው አይወዳደርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ዊንዶውስ 7 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 14 ቀን 2020 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ድጋፉ አብቅቷል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ልጆች ቢያነቡና ጽሕፈት ቢለማመዱበት መልካም ነው፤ የባንክ ሒሳብና የገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ ግን አይሠራበት።

በመጨረሻም «ይኸ የወንዶች ሙያ ነው» የምትሉ እኅቶች አትጠፉም። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት በአውሮፓውያን 1985 የኮምፒውተር መረቦች መልእክት በክብ እየዞረ እንዳያጨናንቃቸው የሚያደርገውን ዘዴ የፈለሰፈች ሴት ናት። የሁለት ልጆች እናትም ናት። እኛ ፈልስፉ አልተባልንም። የራውተሩን አድራሻና የይለፍ ቃል በቤት ደብተራችን መጻፍ፣ ልጆቻችንን አጠገባችን አስቀምጦ «ችግሩ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አያቅተንም። ወጥ ሲበላሽ ጨው ይሁን በርበሬ ቀምሰን የምንለይ ሰዎች አይደለንም እንዴ?