ለምኒልክ ምሳ ያቀረበው ሰው

በቤታችን ስለ ቅድመ አያቴ የሚነገሩት ሁለት ነገሮች አብረው አይሄዱም። አንደኛው፣ አዲስ አበባ የገቡት በባቡር ነው፤ ለገሃር ወርደው፣ ጓዛቸውን አንጠልጥለው ሽቅብ ወደ አራዳ ወጡ። ሁለተኛው፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ከፍተው ዳግማዊ ምኒልክ ከመኳንንቱ ጋር ሊመገቡ ሲመጡ፣ ምሳውን ካቀረቡት አስተናጋጆች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አያቴ ስለ አባቷ ሁለቱንም ስትናገር ድምጿ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም።

ባቡሩ ግን ነገሩን ያፈርሰዋል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ማብቂያ ፈጅቷል። ምኒልክ ያረፉት ደግሞ ታኅሣሥ 1906 ነው። ታዲያ ለገሃር የወረደ ሰው ለሳቸው ምሳ የሚያቀርበው እንዴት ሆኖ ነው?

ከእናቴ ቁም ሳጥን የወጣው ፎቶ መልስ ያለው መስሎኝ ነበር። ባዶ እግሩን የቆመ ቀጭን ሰው፣ ከኋላው የእንጨት በረንዳ መከታና የቆርቆሮ ክዳን ጫፍ ይታያል። ጀርባው ላይ «ጣይቱ ሆቴል 1898» ተብሎ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት ይሁን የፈረንጅ አይልም። ጽሕፈቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ የጻፈው ሰው እጁ ከባድ ስለነበር ቁጥሩ ወደ ፊት በኩል አብጦ፣ የሰውየው ትከሻ ላይ ጣት ሲያልፍ ይሻክራል። እንዲህ ዓይነት እስክሪብቶ ገበያ ላይ የዋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ፎቶው ከተነሳ በብዙ ዘመን ዘግይቶ የተጨመረ መሆን አለበት። ማን ጻፈው? ከማንስ ሰምቶ?

ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ በስልክ፣ «ሆቴሉ የገቡት እኮ ከአድዋ በሁለተኛው ዓመት ነው» አለችኝ። አድዋ 1888 ነው፤ ሁለት ዓመት ሲደመር 1890 ይሆናል። ያኔ ሆቴሉ አልነበረም። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን አድዋ 1896፣ ሁለት ሲጨመርበት ልክ 1898! አያቴ ይህን ስትል ሰምታ እንደሆነ ደጋግሜ ጠየቅኳት። «ሁላችንም እናውቀዋለን» ከማለት አላለፈችም። አጎቴ ደግሞ እናቱ አድዋን ከሆቴሉ ጋር አንስታ እንደማታውቅ ይምላል። ወሬው ከአያቴ አፍ የወጣ ሳይሆን፣ የፎቶው ቁጥር እንደ ፈረንጅ ዓመት ተነብቦ የተወለደ ይመስለኛል። ይህን ፍንጭ ትቼዋለሁ።

የሆቴሉም ዓመት ቢሆን አንድ አይደለም። ስሙ ከ1898 ዓ.ም. ጋር ተያይዞ ይጠራል፤ ተመርቆ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በፈረንጅ 1907 ነው የሚሉም አሉ። አንዱ የግንባታው፣ ሌላው የምርቃቱ ይሆን? ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ዘመን ምኒልክ በልተው ሂሳብ ከፈሉ፣ ሰውም ከዚያ ወዲያ ደፈረ የሚለው ዝነኛ ወግ ከምርቃቱ ሰሞን ጋር ይስማማል።

ፎቶውን ይዤ ፒያሳ፣ ወደ ሆቴሉ ወጣሁ። ሰፊው የእንጨት ደረጃ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ የጾም ምሳ ሰዓት ደርሶ ከታች የሽሮና የምስር ሽታ ወደ ላይ ይወጣል። ቤቱን ስለምወደው ፎቶው የእሱ እንዲሆን መፈለጌን አልደብቅም። አንድ በዕድሜ የገፉ አስተናጋጅ ፎቶውን ወደ መስኮት አስጠግተው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄ ደጅ የኛ አይመስለኝም» አሉኝ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አራዳ ውስጥ ብርቅ አልነበረም፤ አርመንና ሕንድ ግንበኞች በዚያ ዘመን ብዙ ሠርተዋል። ለማመሳከር ደግሞ ረፍዷል። ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት የነበረበት የሆቴሉ ክፍል በጥር 2007 ቃጠሎ ጠፍቷል፤ ጎረቤቱ ዶሮ ማነቂያም በ2016 ፈርሷል።

ከፎቶው ይልቅ የረዳኝ አጎቴ በጨዋታ መሀል የወረወራት ቃል ናት። አያቴ ልጆቿን ስትቆጣ፣ «አባቴ ባሕር ያዩ ሰው ናቸው!» ትል ነበር አለኝ። የትኛውን ባሕር? ጅቡቲን ይሆን? እንዲያ ከሆነ ከ1895 በኋላ ከጅቡቲ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ድረስ በጭርጭር ወይም በአዋሽ በረሃ ከሲራራ ነጋዴ ጋር በበቅሎ መጥተው ለምርቃቱ መድረስ ይችላሉ። ባቡሩም እውነት፣ ምሳውም እውነት ይሆናል። የሚወድቀው ለገሃር ብቻ ነው። እሱንም አያቴ ሳታውቀው የጨመረችው ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ባቡር ከለገሃር ሌላ የት ይቆማል?

ይህን ማመን ይቀናኛል። ነገር ግን ባሕሩን ያዩት ከሆቴሉ በኋላ፣ መስመሩ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቢሆንስ? ያኔ ለምኒልክ ምሳ ያቀረበው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። የአያቴ እህት ልጆች ድሬዳዋ ከዚራ አሉ ተብያለሁ። ቅድመ አያቴ ጅቡቲ ምን ሊሠሩ እንደሄዱ የሚያውቅ ካለ ከእነሱ ወገን ነው፤ ጥያቄዬን ከፎቶው ቅጂ ጋር ልኬላቸዋለሁ።