ኤዲኤችዲ በልጅም በአዋቂም እንዴት ይታወቃል?

ኤዲኤችዲ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ ትኩረትንና ራስን መግዛትን የሚያውክ ችግር ነው። በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ምስል አይለይም፤ ባለሙያው ወላጅን፣ መምህርንና ባለጉዳዩን ጠይቆ ታሪኩን ያጣራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከ9 የትኩረት ማጣት ወይም ከ9 የመቅበጥበጥ ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ፣ 17 ዓመት ለሞላቸው 5ቱ፣ ለ6 ወራት መዝለቃቸውን ይጠይቃል። ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ የሚታዩ መሆን አለባቸው።

እጅግ የሚያሳዝነው የዝምተኞቹ ነገር ነው። የሚቅበጠበጠው ልጅ ቶሎ ይታያል፤ በሐሳብ የምትነጉደው ልጅ ግን «ሰነፍ» ተብላ ትታለፋለች። ኤዲኤችዲ በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ አንዳንድ ወላጆች የራሳቸውን ችግር የሚያውቁት ልጃቸው ሲመረመር ነው። የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና የታይሮይድ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ አብረው ይጣራሉ።