ሃያ ብር

እናቴ ጨሌ አትወድም። ለእሷ ጨሌ ማለት የቆሌና የውቃቢ ዕቃ ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከደቡብ ኦሞ ስመለስ እጄ ላይ ያሰርኩትን ቀይና ቢጫ የጨሌ አምባር አይታ ብታማትብ አልገረመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ብዙ የከተማ ሰው እኔም ሐመርን በመጀመሪያ ያወቅሁት በፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ነበር። በኋላ አገሩን ለማየት ቱርሚ ወረድኩ። ዕለቱ ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር። ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ያሹ ሴቶች ማሽላቸውን፣ ቅላቸውን፣ ጨሌያቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከአንዷ ፊት ቁጢጥ ብዬ አንድ አምባር አነሳሁ። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ አስተረጎመልን።

«ሃምሳ ብር ትላለች።»

«ሃያ አምስት!»

ተከራክረን በሠላሳ ብር ተስማማን። ጦር ሜዳ የረታሁ ያህል ደስ አለኝ። አሠራሩን የጠየቅኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ለወሬ ያህል። ጨሌ ድሮም የነጋዴ ዕቃ ነው፤ ከቬኒስና ከቦሔሚያ ወደ አፍሪካ ለዘመናት ሲጫን ኖሯል። እሷም የምትሠራበትን ከገበያ በብር ትገዛዋለች። ለዚህ አምባር የገባው ጨሌና ክር 22 ብር ፈጅቷል። ውኃ ቀድታ፣ ማሽላ ፈጭታ በተረፋት ጊዜ ሁለት ቀን ሠርታዋለች።

እስቲ አንባቢ አብረን እናስላው። ከጠየቀችኝ 50 ብር ውስጥ የእጇ ዋጋ 28 ብር ነበር። እኔ 20 ብር ሳስቀንስ ነጋዴው ከጨሌው ዋጋ አንድ ሳንቲም አልቀነሰላትም። የወሰድኩት በሙሉ ከድካሟ ላይ ነው። ለሁለት ቀን ሥራ 8 ብር ቀራት። ይህን ሒሳብ ግን ያን ጊዜ አላሰላሁትም።

ከወር በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ገባሁ። የኔን የመሰለ አምባር በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ዋጋው 450 ብር። በካርቶን ቁራጭ ላይ «የገጠር ሴቶችን ይደግፋል» ተብሎ ተጽፎበታል። ለጓደኛዬ ልደት ገዛሁት። አንድ ቃል አልተከራከርኩም። እንዲያውም በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ብር ስንቱ ለሠሪዋ እንደሚደርስ መጠየቅ ትዝም አላለኝ።

ባለፈው ዓመት የእኔ አምባር ክሩ ተበጠሰና ጨሌው ቤቱን ሞላው። ለቅሜ ልሰካው ብሞክር ዓይኔ ፈዘዘ፣ ቀለሙ ተዘበራረቀብኝ። አንድ ምሽት ሙሉ ለፍቼ የሠራሁት ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። እናቴ ከጥግ ሆና ስታየኝ ቆይታ መነጽሯን አደረገችና መጣች።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዛው በፈትሏ ነው። ሳይፈታ የተረፈውን የአምባሩን ቁራጭ አንስታ ከፊትም ከኋላም አገላብጣ አየችው። አላማተበችም።

«ይኼማ የእጅ ሥራ ነው እንጂ!» አለች። «ስንት ከፈልሽላት?»

ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች።

«እኔም ድርና ማጌን ይዤ ገበያ ስወጣ እንዳንቺ ያሉ ነበሩ። ፈትሉን ያደንቁና ዋጋውን ይሰብራሉ። ጥጡን በስንት ገዛሽው ያለኝ ግን የለም።»

መልስ አልነበረኝም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቃል ትዝ አለኝ። ያቺ የቱርሚ ሴት «ደግፊኝ» አላለችኝም። ሃምሳ ብር ነው ያለችው።