በኢየሩሳሌም የቆሙ የኢትዮጵያውያን ቤቶች

ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ በደማስቆ በር ወጥቶ፥ የነቢያት መንገድ የሚባለውን ጎዳና ወደ ምዕራብ የተከተለ መንገደኛ፥ በስተ ቀኙ ወደ ሰሜን የሚገባ አንድ ጠባብ መንገድ ያገኛል። ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የታጠረ ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ስሙም የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። እኛ ወደዚያ የደረስነው ከቀትር በኋላ ሲሆን፥ ከአጥሩ በላይ የክቡ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ብሎ በታየን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዲት እናት እልል ለማለት ቃጥቷቸው፥ በሰው አገር መሆናቸውን አስበው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አጠገባቸው የነበሩት ካህን ግን፥ «እማሆይ፥ ይህስ የሰው አገር አይደለም፤ የአባቶቻችን ርስት ነው» አሏቸው።

የካህኑ ቃል የደስታ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በሌላ መንግሥት ምድር፥ በሌላ ሕግ ሥር፥ እንግዳ የሆነ ሰው እንዴት ባለ ርስት ይሆናል? ቤት መሥራት ድንጋይና ገንዘብ ላለው ሁሉ የሚቻል ነው። ቤቱ የእርሱ ነው መባል፥ ከእርሱም በኋላ ለልጅ ልጅ መዝለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛም በከተማይቱ በቆየንባቸው ቀኖች ወገኖቻችን ያቆሟቸውን ቤቶች ስንጐበኝ፥ ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ጉዳይ በልባችን ይመላለስ ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ፥ አንባቢ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ለማስተያየት እንዲቀለው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በጥንቱ በቱርክ መንግሥት ዘመን የውጭ አገር ሰው በዚያች ምድር መሬት ገዝቶ በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1867 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ከሒጃዝ በቀር በመንግሥቱ ግዛት ሁሉ ባዕዳን ቤትና መሬት እንዲይዙ ፈቀደ፤ ነገር ግን አንድ ብርቱ ግዴታ አኖረበት። ይኸውም መሬት የገዛ ባዕድ ስለዚያ መሬት በሚነሣ ግብርና ክርክር ሁሉ እንደ አገሩ ተወላጅ ተቈጥሮ በአገሩ ዳኛ ፊት እንዲቆም ነው። በሌላው ነገር የየቆንስላቸው ከለላ የነበራቸው አውሮፓውያን እንኳ፥ በመሬት ነገር ከዚህ ሕግ አያመልጡም ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ በምድሩ ላይ የሚያድር ሰው ለምድሩ ሕግ መገዛቱ የሚያስነውር አይደለምና።

በዚያው ዘመን ኢየሩሳሌም ከቅጥሯ ውጭ መስፋፋት ጀምራ ነበር። ቀድሞ ሕዝቡ ሁሉ በቅጥሩ ውስጥ ተጨናንቆ ይኖር ነበር፤ በሮቹም ማታ ማታ ይዘጉ ስለ ነበረ፥ በውጭ ማደር ለሽፍታ መጋለጥ ነበር። ከ1860 ጀምሮ ግን አይሁድም ሩስያውያንም በውጭ መሥራት ያዙ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከዴር ሡልጣን በቀር ማረፊያ ያልነበራቸው የኢትዮጵያ መነኮሳት ከቅጥሩ ውጭ ገዳም እንዲኖራቸው አስበው፥ መሬቱ ተገዝቶ ሥራው ተጀመረ። እርሳቸው በ1889 በመተማ ካረፉ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ሥራውን አስፈጸሙት። ዛሬ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ብለን የምንሳለመው ይህ ነው።

አሠራሩን የተመለከተ ሰው ሁለት አገር በአንድ ግንብ ሲገናኝ ያያል። ድንጋዩ የኢየሩሳሌም ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ወርቅ የሚመስለው ያ ነጭ ድንጋይ። ቅርጹ ግን የኛ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ በውጭ፥ ቅድስቱ በመካከል፥ መቅደሱ በውስጥ ሆኖ በክብ ተሠርቷል። በዙሪያው የመነኮሳቱ ቤቶች አሉ፤ በበሩም ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ጫማውን አውልቆ የገባ ኢትዮጵያዊ፥ ለጊዜው ባሕር መሻገሩን ይዘነጋል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። በዚያ ከተማ የቧንቧ ውሃ ከመግባቱ በፊት ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ውሃ ነበር። ዝናቡ እንደ እኛ አገር በክረምት ሐምሌና ነሐሴ አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው በብርዱ ወራት ነው። በጋው ደግሞ ጠብታ አያውቅም። ስለዚህ ዐለቱ ይፈለፈላል፥ ውስጡ በኖራ ይለሰናል፥ ከጣሪያው የሚወርደውም ውሃ ሁሉ በቦይ ተመርቶ ወደዚያ ጉድጓድ ይገባል። ጣሪያው ውሃ መያዣ እንጂ ውሃ ማባረሪያ አልነበረም። እንጨት ብርቅ ስለ ሆነም፥ ክፍሎቹ የሚከደኑት በወራጅ ሳይሆን በድንጋይ ቅስት ነው፤ የግንቡም ውፍረት ከዚህ የተነሣ ነው። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ለለመደ የአገራችን ሰው፥ ይህን ሁሉ ከአገሩ ግንበኞች መማር ግድ ነበር። በኋላ እንግሊዞች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፥ በ1918 ወታደራዊ ገዥያቸው ሮናልድ ስቶርስ ቤት ሁሉ በዚሁ ድንጋይ ፊት እንዲሠራ አዘዘ። ዛሬ አዲሱም ቤት አሮጌውን የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ከደብረ ገነት በኋላ ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤት በቤት ላይ ጨመሩ። እቴጌ ጣይቱ በዚያች ከተማ ቤት አሠርተዋል። ንግሥት ዘውዲቱም በነቢያት መንገድ ከ1925 እስከ 1928 ያሠሩት ቤት፥ በላዩ በቀለም ጠጠር የተሣለ አንበሳ አለበት፤ ለብዙ ጊዜም የኢትዮጵያ ቆንስላ መሥሪያ ቤት ሆኖ አገልግሏል። የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር ያነሣሣው ኤልዔዘር ቤን ይሁዳም በኢትዮጵያ መንገድ ይኖር ነበር፤ ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጅ የነበረው በደብረ ገነት ደወል ሥር ነው።

እነዚህ ቤቶች ለኩራት ብቻ የተሠሩ አይምሰለን። ቤቱ ለተከራይ ይሰጣል፥ ኪራዩ ለመነኮሳቱ ቀለብ፥ ለመብራት፥ ለእጣን ይሆናል። በአገራችን ገዳም ቀድሞ በጉልት ይተዳደር እንደ ነበረ ሁሉ፥ በዚያ ደግሞ በኪራይ ይተዳደራል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚላክ ገንዘብ መንገዱ ሩቅ ነበርና፥ በዚያው ያለ ቤት ከሚላክ ብር ይልቅ የታመነ ነው።

አንድ ችግር ግን ነበረ። የቱርክ ሕግ መሬትን የሚያስመዘግበው በሰው ስም ነው፤ ማኅበር ወይም ገዳም በራሱ ስም ርስት ለመያዝ የተፈቀደለት በ1913 ነበር። ከዚያ በፊት በቅድስት አገር የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት መሬታቸውን ባመኑት ሰው ስም፥ አንዳንዶቹም በሕይወት በሌለ ሰው ወይም በቅዱስ ስም ያስጽፉ ነበር። ባለ ስሙ ሲሞት ወራሹ ቢነሣስ? ስሙን ያበደረው ሰው ቢክድስ? ቤተሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ዛሬም በየሰው አገር በወንድም ወይም በወዳጅ ስም ቤት የሚገዛ ብዙ ነውና፥ ፍቅር ሳለ መጻፍ ከጠብ በኋላ ከመካሰስ ይሻላል።

ስለ ባዕድ አገር ቤት ስናነሣ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የባዝ ቤት ማለፍ አይገባም። ግርማዊነታቸው በ1936 ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ እንግሊዝ አገር በተሻገሩ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዙ። የእንግሊዝ ሕግ ከ1870 ጀምሮ ባዕድ ሰው እንደ ተወላጁ መሬት እንዲይዝ ይፈቅዳልና፥ አገሩን ጠላት የወሰደበት ንጉሥ በሰው አገር ባለ ቤት ሆነ። ከቤተ ሰባቸውና ከተከተሏቸው ሰዎች ጋር እስከ 1940 በዚያ ኖሩ፤ በ1958ም ቤቱን ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች መጦሪያ እንዲሆን ለከተማይቱ ሰጡ። እቴጌ መነን ግን የዚያ አገር ብርድ ስላልተስማማቸው ከስደቱ ዘመን ከፊሉን በኢየሩሳሌም አሳልፈዋል። በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ ያለውን የሥላሴ ገዳም ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ይህ ገዳም ከ1967 ጦርነት በኋላ ዙሪያው በፈንጂ ታጥሮ ለብዙ ዓመታት ሰው የማይደርስበት ሆኖ ነበር፤ የአካባቢውን ፈንጂ ማንሣት የተጀመረው በ2018 ነው።

በከተማይቱም ውስጥ እንዲሁ ነበር። ከ1948 ጦርነት በኋላ ኢየሩሳሌም ለሁለት ስትከፈል፥ ደብረ ገነት በእስራኤል በኩል፥ ዴር ሡልጣን በዮርዳኖስ መንግሥት በኩል ቀረ። በመካከላቸው ያለው በእግር አጭር መንገድ ነው፤ ነገር ግን እስከ 1967 ድረስ የሽቦ አጥርና ወታደር ለያያቸው። የአንድ ማኅበር መነኮሳት በሁለት መንግሥት ሕግ ሲኖሩ፥ የእያንዳንዱ ቤት ወረቀት በየመንግሥቱ መሥሪያ ቤት መታየት ነበረበት።

የዴር ሡልጣን ነገር ግን ከሁሉ የከበደ ነው። ከጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፥ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ዙሪያ፥ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው ትናንሽ የጭቃ ቤቶች አሉ። በ1838 ቸነፈር ገብቶ መነኮሳቱን ሲፈጅ፥ መጻሕፍታቸውና ወረቀቶቻቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ግብጻውያን ቦታው የእኛ ነው ሲሉ፥ የኛ አባቶች የሚያቀርቡት ማስረጃ አመድ ሆኖባቸው ኖሩ። የቱርክ መንግሥት በ1852 በቅዱሳት መካናት ሁሉ የነበረው እንደ ነበረ ይጽና ብሎ አወጀ። በዚህም ልማድ ጣሪያን ወይም ወለልን የሚጠግን ሰው ባለ ቤቱ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ስለዚህ አንዱ ወገን ሊጠግን ሲነሣ ሌላው ይከለክላል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፥ ዝናቡም ይገባል። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ፥ «አባታችን፥ ታዲያ ማን ይጠግነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጠየቀ። እሳቸውም ወደ ባልዲው እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ እኛ ውሃውን እንቀዳለን» አሉት።

በ1970 በትንሣኤ ሌሊት፥ ግብጻውያን በታች ጸሎት ላይ ሳሉ፥ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተለወጠ፤ አዲሱም ቁልፍ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጻውያን ይመለስ ብሎ ፈረደ፤ መንግሥቱ ግን ጉዳዩን በራሱ እጅ ይዞ ፍርዱን ሳይፈጽም ቆየ። እኛ ለወገናችን ብናደላም፥ ግብጻውያን በአንድ ሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸውና፥ ይህ ቁልፍ ደስታ ብቻ አይደለም። በ2017 ከአንዱ ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ወደቀ፤ በተከታዩ ዓመት መንግሥቱ ራሱ ጥገና ሲጀምር የተቃወሙ ግብጻውያን መነኮሳት በፖሊስ ተጎትተው ተነሡ። ድንጋይ ለመተካት ይህን ያህል ሐዘን!

በአገራችንም ቢሆን ለባዕድ ሰው ቤት መስጠት ቀላል አልነበረም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ባዕድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይዝ ይከለክል ነበር፤ ለባዕዳን በሕግ የተወሰነ በር የተከፈተው በ2025 በወጣው አዋጅ ነው። በሰው አገር ስለ ተሰጠን ቦታ ስናመሰግን፥ ይህንም ብናስታውስ መልካም ነው።

ደብረ ገነትንና ዴር ሡልጣንን ለመሳለም የሚሄድ ቤተሰብ ቢችል የሰሙነ ሕማማትን ሳምንት ይምረጥ። በቀዳም ሥዑር ማታ መነኮሳቱ በጣሪያው ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ካህናቱ በካባና በጥላ፥ ምእመናኑ ነጭ ለብሰው ጧፍ ይዘው፥ በጉልላቱ ዙሪያ ከበሮ እየመቱ ይዞራሉ። ከዚያም ትንሣኤውን በዚያ ድንኳን ሥር ያከብራሉ።