ጊታሩን ማስቀመጥ ያልቻለው ሰው

ዲክ ዴል በ78 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ለአንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። በዚህ ዕድሜ ለምን ከመድረክ እንደማይወርድ ሲያስረዳ ስለ ሙዚቃ ፍቅር አላወራም፤ ስለ ወር ወጪ ነው ያወራው። ካንሰሩ ሆዱ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አስይዞታል፣ ኩላሊቱ ደክሟል፣ ስኳር አለበት፣ አከርካሪው ተጎድቷል። ኢንሹራንሱ ከሚሸፍነው ውጪ ለሕክምና ዕቃዎች ብቻ በወር 3,000 ዶላር ያስፈልገኛል አለ። ስለዚህ ጊታሩን አንግቶ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

ስሙን የማያውቅ ሰው ጊታሩን ያውቀዋል። በ1994 የወጣው የታራንቲኖ ፊልም "ፐልፕ ፊክሽን" ሲጀምር እንደ መትረየስ የሚንጣጣው ጊታር የእሱ ነው።

በ1937 ቦስተን ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሪቻርድ መንሱር ነበር። የአባቱ ወገን ሊባኖሳዊ ነው። ዑድ የሚጫወት አጎት ነበረው፤ ከበሮ መምታትንም ከእሱ ተማረ። በ1954 አባቱ በአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ስላገኘ ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ልጁም እዚያ ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት ለመደ።

ግራኝ ነው። ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ ይጫወታል፤ ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። በ1961 በባልቦዋ የባሕር ዳርቻ ራንዴቩ በሚባል ትልቅ የዳንስ አዳራሽ መጫወት ጀመረ። እሱ እንደሚተርከው ከተማው ፈቃድ የሰጠው ወጣቶቹ ከረባት ካሰሩ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ምሽት የመጡት 17 ጓደኞቹም በባዶ እግራቸው፣ ግን በከረባት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ በሺዎች ይሞላ ጀመር።

ችግሩ ድምፁ ነበር። የዚያን ጊዜ ማጉያዎች የእሱን አመታት አልቻሉትም፤ ይጨሳሉ፣ ይቃጠላሉ። የጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ይጠግናል፣ እሱ ደግሞ ያቃጥላል። በመጨረሻ ፌንደር ራሱ አዳራሹ መጥቶ ሕዝቡ መሃል ቆሞ አዳመጠና ነገሩ ገባው፤ ሰው የሞላበት አዳራሽ ድምፅ ይውጣል። ከዚያ በኋላ የተሠራው "ሾውማን" የተባለ ኃይለኛ ማጉያ ለኋለኞቹ የሮክ ባንዶች መንገድ ጠርጓል። ይህ ብቻውን ስሙን ለማስጠራት በበቃ ነበር።

አባቱ በከፈተው ትንሽ የሸክላ ኩባንያ አሳትሞ በአካባቢው በብዛት ሸጠ። ከካሊፎርኒያ ውጪ ግን እምብዛም አልተጓዘም። ንግሥናው የአንድ ባሕር ዳርቻ ንግሥና ነበር። በ1964 ቢትልሶች አሜሪካ ሲገቡ ያ የባሕር ዳርቻ ሙዚቃ ከራዲዮ ወረደ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ታመመ። በ1966 አዳራሹ ተቃጠለ። በ1979 ደግሞ እግሩ ላይ የነበረ ቁስል በተበከለ ባሕር ውሃ አመርቅዞ እግሩን ሊያጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለባሕሩ ንጽሕና ተሟጋች ሆነ። በ1987 ከቴክሳሱ የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን ጋር "ፓይፕላይን"ን ተጫውቶ ለግራሚ ታጨ።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዓለም ያወቀው "ሚዚርሉ" የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው። አጎቱ በዑድ ሲጫወተው ሰምቶ ነው በአንዲት ክር ላይ አፍጥኖ ያመጣው። የዜማው ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ግን ኒክ ሩባኒስ የሚባል ግሪካዊ አሜሪካዊ ነው፤ ያውም በ1941፣ ዴል ገና አራት ዓመቱ ሳለ። በ2005 ብላክ አይድ ፒስ ቀረጻውን ወስደው "ፓምፕ ኢት"ን ሠሩበት። ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር ዜማውን የፈጠረ ሰው የሚያገኘው ክፍያ ለእሱ አልነበረም። ለእሱ የቀረው ዝናው ነው፤ ዝና ደግሞ ገንዘብ የሚሆነው መድረክ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ቃለ መጠይቁ በየቦታው ሲሰራጭ ብዙዎች በጽናቱ ተደነቁ። ጽናቱስ እውነት ነው፤ ሕመሙን ችሎ ቆሞ ይጫወት ነበር። ግን በሀብታም አገር አንድ አዛውንት የሆድ ከረጢት ለመግዛት ማታ ማታ ጊታር ሲመታ ማድነቅ ብቻ፣ ሂሳቡን ማን መክፈል ነበረበት የሚለውን ጥያቄ ማለፍ ነው። እሱ ራሱ ነገሩን አላስጌጠውም፤ ዋጋውን በዶላር ነው የተናገረው።

መጋቢት 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ81 ዓመቱ ሞተ። ለዚያው ዓመት ቀን የተቆረጠላቸው ኮንሰርቶች ነበሩት።